የአያ ቢተው ሁለት ጣት

አለኸኝ ከፈረሱ ሳይወርድ ነው የነገረኝ። ከጎማ ቤቴ ፊት ለፊት ቆመ፤ ፈረሱ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀ።

«ፈንታ፣ ዳማ ሞተሩ ሳይነሳ በእጅ ቢገፋ ይሄዳል?» አለኝ።

ዳማ ፈረስ አይደለም። ሁለት በር ያለው፣ ወገቡ ዝቅ ያለ ቀይ የስፖርት መኪና ነው፤ ባለቤቱም አያ ቢተው ናቸው። አለኸኝ ደግሞ በጥርባ መንደር በኩል ያለ ፈረሰኛ ነው፤ የእኔ እኩያ፣ የአያ ቢተው የሜዳ ጓደኛ።

«ለምን ይገፋል? እሳቸው ይንዱት እንጂ» አልኩት።

አለኸኝ ልጓሙን በእጁ ላይ ጠመጠመው። ያን ጊዜ ገባኝ።

«መቼ?»

«ጎህ ሲቀድ አረፉ። ቀብሩ ነገ ነው። ፈረሰኞቹ ተነጋግረን ዳማ ይሳብ ብለናል። የመኪናውን ጠባይ የምታውቀው አንተ ነህና ና።»

በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ አይጋለብም። ኮርቻው ይጫንለታል፣ ጌጡ ይደረግለታል፣ ከዚያ ባዶውን ከአስከሬኑ ኋላ ይሳባል። አያ ቢተው በሞቱበት ቀን ፈረስ አልነበራቸውም። የነበራቸው ዳማ ነው። መኪና በሟች ፈረስ ቦታ ሲሳብ አይቼ አላውቅም፤ ማንም አላየም። ግን አለኸኝ ሲጠይቀኝ አልገረመኝም። መፍቻዬን አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ። 

ስለ ራሴ ብዙ ማውራት አልፈልግም፤ ትንሽ ካልተናገርኩ ግን አያ ቢተው ማን እንደነበሩ አይገባም። በቆሰበር ከእኔ በፊት ጎማ የሚነፋ ሰው ነበር፤ ጎማ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዛሬ ከተማው እንጅባራ ተብሎ፣ አስፋልቱ ሰፍቶ፣ ጎሚስታው በየመቶ ሜትሩ ተደርድሯል፤ ግማሾቹ ከእኔ ዘንድ አይተው የሄዱ ናቸው። እኔ ግን ከማንም አላየሁም። ትምህርት ቤት የገባሁት ፊደል ለመለየት ያህል ነው። የቀረውን ያስተማሩኝ ከአዲስ ቅዳም ከሰል ጭነው የሚመጡት መኪኖች ናቸው። የጎማ አበላል አይቼ ሾፌሩ ችኩል ይሁን ሰነፍ፣ መሪው ይጎትት አይጎትት፣ ኩሽኔታው ይቆይ አይቆይ እናገራለሁ። ጎማ በሚገጠምበት ብረት፣ በቸርኬው ጀርባ ላይ የተቀረጹትን የፈረንጅ ፊደላትና ቁጥሮች ትርጉም ብቻዬን ፈልጌ ያገኘሁ ሰው ነኝ። ከዳንግላም ከቡሬም መካኒኮች እየደወሉ ይጠይቁኛል። «ማን አስተማረህ?» ሲሉኝ «ማንም» እላለሁ። ይህን መልስ ዕድሜዬን ሙሉ ስመልስ ኖሬአለሁ፤ አሁን ግን አንድ ሰው ልጨምርበት ነው።

አያ ቢተው ቀጭን፣ ረጅም፣ ተፈሪ ሱሪ ከእግራቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው፤ አማርኛው ግን እንደኛው ነበር። ከሰው ጋር በሁለቱም ይነጋገራሉ፤ ከፈረስ ጋር በአዊኛ ብቻ። ጥያቄ ሲጠየቁ ቶሎ አይመልሱም፤ በአለንጋቸው እጀታ የጫማቸውን ጫፍ መታ መታ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። ስለ ሰው የሚናገሩትም በፈረስ ነበር። አንዱን ባለሥልጣን «ሶምሶማው ያምራል፣ ዳገት አይወድም» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔን ደግሞ «ፈንታ ጥሩ ነው፤ ብቻ ከመሄዱ በፊት ብዙ ያሽካካል» ይሉኝ ነበር። ሌላ ሰው ቢለኝ አልምርም።

በዓመቱ የፈረስ በዓል የሰፈራቸውን ፈረሰኞች እየመሩ ሜዳ የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። አንድ ክረምት ግን ፈረሳቸው ቦራ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ አብረው ወደቁ። ቦራ ተነሳ፤ እሳቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከብዙ ሕክምና በኋላ በምርኩዝ መሄድ ቻሉ፤ ሐኪሙ ግን እግር ከፍቶ ኮርቻ ላይ መቀመጥ እንዳከተመ ነገራቸው። በቀጣዩ በዓል አዘጋጆቹ በክብር ድንኳን ሥር ፕላስቲክ ወንበር ሰጧቸው። ለስላሳም አቀረቡላቸው። ማግሥቱን ጎማ ቤቴ መጥተው ተቀመጡና ብዙ ጊዜ ጫማቸውን በአለንጋ ሲመቱ ቆዩ።

«ፈንታ፣ ትናንት በገዛ ሜዳዬ እንግዳ አደረጉኝ» አሉኝ።

«አክብረውዎት ነው፣ አያ ቢተው።»

«አዎ። ሬሳም ይከበራል።»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ዳንግላ ውስጥ ከአንድ ሆቴል ጓሮ፣ አንድ እንግዳ ተበላሽቶበት ለሆቴሉ ባለቤት ትቶት የሄደው ቀይ የስፖርት መኪና ዝናብ ሲመታው ይኖር ነበር። አያ ቢተው ለለቅሶ ሄደው አዩት። በወጣትነታቸው የመንግሥት እርሻ መኪና ነድተዋል፤ መንጃ ፈቃድ አላቸው። በሩን ከፍተው ገቡበት። ወንበሩ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ እግር ወደ ፊት የሚዘረጋበት ነው፤ ዳሌያቸው አልጮኸም። ከዚያው ሳይወጡ ከሆቴሉ ባለቤት ጋር ተስማሙ፦ ቦራን ሰጥተው መኪናውን ወሰዱ።

ቦራን! ገበያው ሁሉ ሳቀ። ባለቤታቸው እትየ የሻረግማ በየቤቱ እየዞሩ ነገሩ። «ሰው ፈረስ ሽጦ በሬ ይገዛል፣ የእኔው ቆርቆሮ ገዛ! ሣር አይበላ፣ እበት አይሰጥ!» አሉ። አያ ቢተው ግን መኪናውን ስለ ቀለሙ፣ እንደ ቀይ ፈረስ፣ ዳማ ብለው ሰየሙት። በእኛ አነጋገር መኪና ሴት ናት፤ እሳቸው «እሱ» ካሉ ግን ማን ይከራከራል? እኔም ለመድኩ።

የልባቸውን የነገሩት ለእኔና ለአለኸኝ ብቻ ነበር። በሚመጣው በዓል በዳማ ሆነው ፈረሰኞቻቸውን እየመሩ ሜዳ ሊገቡ ነው። ወንበሩ ላይ ተመልሰው ላይቀመጡ።

አለኸኝ ራሱን አከከ። «አያ፣ እኔ እሺ። ፈረሶቹ እሺ ይላሉ ወይ? መኪና ጎናቸው ከጮኸ ሜዳው ይተራመሳል።»

«አይጮህም።»

«ከጮኸ ግን ከፈረስ ጋር አይሄድም። ይህን አሁኑኑ እንነጋገር።»

«ከጮኸ እኔው ራሴ አላስገባውም» አሉ አያ ቢተው። ነገሩ በዚህ ቃል ታሰረ።

ሞተሩን ዳንግላ ያለ መካኒክ አስነሳው። የቀረው እግሩ ነበር። ዓመታት ባዶ ጎማ ላይ ቆሞ ከአራቱ ቸርኬዎች ሁለቱ ተሰንጥቀዋል፣ ሁለቱ ተጣመዋል። በጭነት መኪና ላይ አስጭነው ወደ እኔ አመጡት።

«ጎሚስታ፣ ዳማ ጫማ ይፈልጋል» አሉኝ።

እዚህ ላይ ሙያዬን ልናገር፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። የስፖርት መኪና ቸርኬ እንደ ከሰል መኪና ቸርኬ ቡሎኑ ከገባ በቃ አይባልም። ሁለት ነገር ይመረጥለታል፤ ወርዱና ኦፍሴቱ። ወርድ ማንም ያውቃል፤ ጎማው የሚቀመጥበት ስፋት ነው። ኦፍሴትን ግን ብዙ ጎሚስታ ሰምቶትም አያውቅም። ቸርኬውን አስተኝተህ ወርዱን እኩል ለሁለት ብትከፍለው መሐሉን ታገኛለህ። ሞዞው ላይ፣ ማለትም ቸርኬው በሚታሰርበት የመኪናው ብረት ላይ፣ የሚለጠፈው የቸርኬው ፊት ከዚያ መሐል ወደ ውጪ በኩል በራቀ መጠን ጎማው ወደ መኪናው ሆድ ይገባል። ወደ መሐሉ በተጠጋ መጠን ጎማው ወደ ውጪ ይወጣል። የዚህ ርቀት ስሙ ኦፍሴት ነው፤ በሚሊ ሜትር ተለክቶ ቸርኬው ላይ ይቀረጻል። ወርድና ኦፍሴት ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱን ብቻ ጠርተህ ድግስ አይሆንም። ወርድ ስትጨምር በውስጥም በውጪም ይጨምራል። በውስጥ ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛቶር፣ በውጪ ጎማውን የሚሸፍነውን ፓራፋንጎ ይነካብሃል። ኦፍሴቱን በዚያው ካላስተካከልክ መኪናው ይጮሃል፣ መሪው ይጎትታል፣ ኩሽኔታው ቀኑ ሳይደርስ ያልቃል።

የዳማ የፋብሪካ ቸርኬ ወርዱ ስድስት ተኩል ኢንች፣ ኦፍሴቱ አርባ አምስት ነበር። «ሰባት ኢንች እንፈልግለት፤ ትንሽ ይሰፋል፣ ያምርበታል፤ ኦፍሴቱ ግን ብዙ እንዳይወርድ» አልኳቸው።

አያ ቢተው መኪናውን ፊት ለፊት ሄደው ቆመው አዩት። ፈረስ ሊገዙ የመጡ ይመስሉ ነበር።

«እግሮቹ ተቀራርበዋል» አሉ። «ፈረስ በደረቱ ይታወቃል፣ ፈንታ። የፊት እግሩ የተጠባበቀ ፈረስ ሲጋልብ ይጠላለፋል። ወደ ውጪ አውጣልኝ።»

«አያ ቢተው፣ መኪና ደረት የለውም፤ ፓራፋንጎ ነው ያለው።»

«ይቆማል አይደል? የቆመ ሁሉ ደረት አለው።»

አለኸኝ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ያደጉበት ሚዛን ነው። በዚህ አገር አንድ ሰው ፈረስ ከፊት ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው በሁለቱ እግሮች መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። የእኔ ሜትርና ጣውላ ያንን ዓይን ሊያሸንፍ አልቻለም።

አለኸኝን አስከትለው ባሕር ዳር ሄዱ፤ መስተዋት የመሰሉ አራት ቸርኬዎች ይዘው ተመለሱ። ጀርባቸውን ገልብጬ አነበብኩ። ወርድ ስምንት፣ ኦፍሴት ሃያ። በልቤ ደመርኩ፤ ጎማው ከድሮው ቦታ ከአራት ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ውጪ ሊወጣ ነው።

«ይነካል» አልኳቸው።

«ግጠመው።»

«እገጥመዋለሁ፤ መኪናው የእርስዎ ነው። ግን ይነካል።»

«አሽካካህ ደግሞ!»

ገጠምኩት። ቆሞ ሲታይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምር ነበር። እንደ ትልቅ ፈረስ ደረቱን ነፍቶ፣ አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። መንገደኛው እየቆመ ያየዋል፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ ያፏጩለታል። አያ ቢተውም ከፊቱ ቆመው አንድ ቃል በአዊኛ አሉት። እኔ አዊኛ ብዙም አልሰማም፤ ቃሉ ግን ለቦራ ይሉት የነበረው እንደሆነ ድምፃቸው ነገረኝ።

ሙከራው በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሜዳው ዳር ሆነ። አያ ቢተው ሦስት ሰው ጭነው ይነዳሉ፤ አለኸኝ በፈረሱ ጎን ለጎን ይሄዳል። እኔ መግቢያው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አስፋልቱ ላይ ሳሉ ምንም የለም። ወደ ሜዳው ለመግባት ቦዩን ተሻግረው መሪውን ሲያዞሩ ግን ዳማ ጮኸ። ቢላዋ በድንጋይ ሲሳል የሚሰማው ዓይነት ጩኸት ነው። የአለኸኝ ፈረስ በኋላ እግሮቹ ቆመ። አለኸኝ አንገቱ ላይ ተጣበቀ፣ አንዱ እርካብ አመለጠው፣ ፈረሱ ዞሮ ወደ ቦዩ ሄደ። እግዜር ነው ያተረፈው።

አያ ቢተው መኪናውን አቆሙ፤ ብቻቸውን ግን መውጣት አይችሉም። «አውጡኝ! አውጡኝ!» ሲሉ ሰማኋቸው። እሳቸውን እንደዚያ ሲጮኹ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣቸው። መኪናውን ዞር ብለው ሳያዩ በምርኩዛቸው ወደ ፈረሱ ሄዱ፤ አንገቱ ላይ እጃቸውን አሳረፉ፤ በአዊኛ ቀስ እያሉ አናገሩት። ፈረሱ ሲረጋ አለኸኝን ቀና ብለው አዩት።

«ተጎዳህ?»

«የለም፣ አያ። ሱሪዬ ነው የተጎዳው።»

አልሳቁም። እኔ ይህን ጊዜ በክሪክ አንስቼ የፊቱን ግራ ጎማ ፈትቼ ነበር። የጎማው ትከሻ ዙሪያውን ተልጧል፤ የፓራፋንጎው ጠርዝ ልጦት ክሩ ሊታይ ደርሷል። ስለ ሚሊ ሜትርና ስለ ኦፍሴት ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ጎማውን አንከባልዬ እግራቸው ሥር አስተኛሁትና እንዲህ አልኩ።

«አያ ቢተው፣ ዳማ ተገጥቧል።»

ኮርቻ የላጠው የፈረስ ጀርባ ማለቴ ነው። በፈረሰኞቹ ዘንድ ከዚህ የሚብስ ነውር የለም። የተገጠበ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ሲያልፍ ሰላምታ አይሰጡትም። አያ ቢተው ራሳቸው «የተገጠበ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ሚስቱንም ይመታል» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቼአለሁ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ፤ የተላጠውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ቁስል እንደሚዳሰስ ቀስ ብለው ነው የዳሰሱት።

«አውልቀው፤ አራቱንም» አሉ።

«በዓሉ እኮ ደርሷል፣ አያ» አለ አለኸኝ። «እርስዎና ዳማ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ ሰው ሳይጫን፣ ቀስ ብላችሁ...»

«የተገጠበ አይጫንም። ሌላ ጫማ ከተገኘ ተገኘ፤ ካልተገኘ ወንበሬን አውቀዋለሁ።»

ዳማን ግቢያቸው ውስጥ በድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። የቦራን ግላስ፣ ያንን በጥልፍ ያጌጠ የኮርቻ ልብስ፣ አውጥተው ሞተሩ ላይ አለበሱት። ያን ባየሁ ጊዜ እኔም ሥራ ፈትቼ መቀመጥ አልቻልኩም። ዕልኸኛ ነኝ። በዚህ አገር ስለ ቸርኬ መልስ ካለ ከእኔ ዘንድ ነው ያለው አልኩና ሜትርና ጣውላዬን ይዤ ሄድኩ። ከሞዞው እስከ ፓራፋንጎው፣ ከሞዞው እስከ አሞርዛቶሩ ለካሁ። «ሰባት ኢንች፣ ኦፍሴት ሠላሳ» ብዬ ጨረስኩ። ትንሽ ደረትም ይኖረዋል፣ አይነካምም።

አያ ቢተው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ነበር። ጫማቸውን በአለንጋው መቱ።

«የለካኸው ባዶውን ነው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እኛ ኮርቻ ስንሞክር ፈረሱን ባዶውን አንለካም። ሰው እናስቀምጥበታለን። ከዚያ ከኮርቻው ሥር ሁለት ጣት እናስገባለን። ሁለት ጣት ከገባ ፈረሱ ይተነፍሳል።»

ላስረዳቸው ነበር። መኪናና ፈረስ አንድ አይደሉም፣ እኔ ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬአለሁ ልል ነበር። ግን እሳቸው እትየ የሻረግን ተጣርተው ነበር። መኪናው ከድንጋዩ ወርዶ እንዲቆም ከፋብሪካው ቸርኬዎች የተጣመሙትን ሁለቱን ከፊት አሰርኩ፤ ከኋላም ከሌላ መኪና የተዋስኳቸውን። እትየ የሻረግና ሦስት ጎረቤቶች ገቡበት።

«በዚህ ዕድሜዬ ቆርቆሮ ውስጥ ልታጉሩኝ!» አሉ እትየ የሻረግ ከውስጥ። «ጉልበቴ አፍንጫዬ ደረሰ! ይኼ ነው እንግዲህ ቦራን ያስሸጠው?»

«ዝም ብለሽ ክበጂ» አሉ አያ ቢተው። «የተጠራሽው ለክብደትሽ ነው።»

ጎረቤቶቹ ሲስቁ መኪናው ተወዛወዘ፤ ያን ጊዜ ከሥሩ የሚሸከመው የብረት ሞላ ሲሰምጥ አየሁ። ያረጀ ሞላ ነው፤ እኔ ከገመትኩት እጅግ ወረደ። አያ ቢተው ከበርጩማው ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ያን የተሰበረ ዳሌ ይዘው። አመልካች ጣታቸውንና መሐል ጣታቸውን አጣምረው ከፓራፋንጎው ሥር አስገቡ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዞርኩላቸው፤ በግራ፣ በቀኝ። እሳቸው ጣታቸው በነካበት ሁሉ ስንት እንደቀረ ነገሩኝ፤ እኔ በልቤ ቀነስኩ። ኦፍሴት ሠላሳ ቢሆን ሰው የተጫነ ቀን ይነካ ነበር። ቁጥሬን ወደ ሠላሳ ስምንት ከፍ አደረግኩ። ስለ ጎማ ከሰው የተማርኩት አንድ ነገር ይህ ነው። ዛሬም በጎማ ቤቴ ለምንም መኪና ሰው ሳይቀመጥበት ቸርኬ አልመርጥም፤ ሁለት ጣቴን ሳላስገባም አልሸኝም።

ቸርኬዎቹን ዳንግላ ጋራዥ ጓሮ ከወደቀ ከተጋጨ መኪና ላይ አገኘኋቸው። ወርድ ሰባት፣ ኦፍሴት ሠላሳ ስምንት፤ በዓይኔ አይቼ ማመን አቅቶኝ እንደገና በጣውላ ለካሁ። የመሐል ቀዳዳቸው ከዳማ ሞዞ ሰፋ ይል ነበር፤ ቶርኖ ቤት ወስጄ ልክ ልኩን የአሉሚኒየም ቀለበት አሠራሁለት። ይህንንም ማንም አልነገረኝም፤ ከራሴ ነው። መስተዋት አይመስሉም ነበር፤ ግራጫ፣ ጭረት ያለባቸው ናቸው። አያ ቢተው ከፊት ሆነው አዩትና «ደረት አለው፤ ትዕቢት የለውም» አሉ። እትየ የሻረግና ጎረቤቶቹ እንደገና ገቡ። ሁለት ጣት በአራቱም ጎማ ገባ።

የበዓሉ ቀን ጭጋጉ ተገፎ ሜዳው ሲገለጥ፣ ከፈረሰኞቹ ፊት ዳማ መጣ። ቦዩን ተሻገረ፤ መሪው ዞረ፤ የሰማሁት የኮቴ ድምፅ ብቻ ነው። አለኸኝ በቀኝ፣ ሌላ ፈረሰኛ በግራ፣ ኋላ የሰፈራቸው ፈረሰኛ ሁሉ። ማይክራፎን የያዘው ሰው «አሁን ደግሞ ጎማ ያለው ፈረስ ገባ!» አለና ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። አያ ቢተው አንገታቸውን አላዞሩም። ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ብቻ አለንጋቸውን በመስኮት አወጡና አንድ ነገር አመለከቱኝ። ዓይኔን ስሰድ ከፊት ረድፍ አንድ ባዶ ፕላስቲክ ወንበር ነበር።

ሲያበቃ ሁለት ሰው ይዞ አወጣቸው። «ስገባ ፈረሰኛ፣ ስወጣ ሕፃን» አሉ፤ ሳቃቸው ግን የሕፃን ነበር።

ከዚያ በኋላም በየዓመቱ እንዲሁ ገቡ። በሌላው ጊዜ ጎማ ቤቴ እየመጡ ይቀመጡ ነበር። የቆመ ሚኒባስ፣ የቆመ ባጃጅ ካዩ ምርኩዛቸውን ይዘው ይነሱና ሁለት ጣታቸውን ያስገባሉ። «ይሄ አይተነፍስም» ይላሉ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ይስቁባቸው ነበር፤ በኋላ ግን ራሳቸው «አያ፣ እስቲ ጣትዎን» እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። እኔ ሜትር ይዤ ቆሜ ጣት ሲጠራ ቅር አይለኝም ነበር ብል ውሸት ነው። ግን ጣቱም ሜትሩም አንድ ነገር ይናገሩ ነበር።

መጨረሻ ላይ ሕመሙ ሲጸናባቸው አስጠሩኝና ዳማን ድንጋይ ላይ አውጣልኝ አሉኝ። ጎማው በአንድ ጎኑ ተኝቶ እንዳይበላሽ። «ተመልሼ ስነሳ» አሉ። አወጣሁት። አልተነሱም።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ቀድሜ ሄድኩ። ከድንጋዩ አወረድኩት፤ ጎማዎቹን ነፋሁ፤ ቡሎኖቹን አጠበቅኩ። ኮርቻቸው በሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ አለንጋቸው ከጎኑ፤ የቦራ ግላስ በሞተሩ ላይ ተዘረጋ። ቁልፉ ካልዞረ መሪው ይቆለፋልና እትየ የሻረግን ቁልፍ ጠየቅኳቸው። ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። ያንን መኪና በቆየበት ዘመን ሁሉ ቆርቆሮ ከማለት በቀር ስም ጠርተውለት አያውቁም ነበር። ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርገው እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ፈንታ፣ ዳማን እንዳታስጮኸው። ፈረሶቹ አሉ» አሉኝ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የእኔም ጉልበት ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። ሁለት ጣቴን በአራቱም ጎማ አስገባሁ። ሞላው ይበልጥ አርጅቷል፤ ግን ገባ።

ከፈረሰኞቹ የተወሰኑት ወርደው ከኋላ ሆነው በእጃቸው ገፉት። እኔ ከውጪ በመስኮቱ እጄን ሰድጄ መሪውን ይዤ ጎን ለጎን ሄድኩ፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ፊት ለፊታችን አስከሬኑ፣ ግራና ቀኝ ኮቴ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስገባው መታጠፊያ ጠባብ ነው፤ ቦይም አለው። እዚያ ስንደርስ ለቅሶው አልሰማ አለኝ፤ ጆሮዬ ያለው ከፓራፋንጎው ሥር ብቻ ነበር። መሪውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። የፊቱ ጎማ ቦዩ ውስጥ ወረደ፣ መኪናው ጎንበስ አለ፣ ሞላው ሰመጠ፣ ወጣ።

ቀና ብዬ የአለኸኝን ፈረስ አየሁት። ከዳማ በር አጠገብ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ይሄድ ነበር። ጆሮውን እንኳ አላዞረም።